የአሰልጣኟ ቦርጭ

ገርጂ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት በቆመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጂም አለ። ሥራ ሲለቀቅ ደረጃው በሴቶች ይሞላል፤ ከቢሮ በቀጥታ የመጣች አለች፣ ሱቋን ለእህቷ አደራ ብላ የወጣች አለች። የማታውን የኤሮቢክስ ክፍል ለዓመታት የመራችው ፈቲያ ናት።

ፈቲያ ወፍራም ናት። እሷ ራሷ ሳትሸፋፍን የምትናገረው ነገር ስለሆነ እኔም አልሸፋፍነውም። መንታ ከወለደች በኋላ ዳሌዋ ሰፍቷል፣ ቦርጯም አልጠፋም። ነገር ግን ክፍሉ እስኪያልቅ እየዘለለች፣ ቁጭ ብድግ እያለች ስትቆጥር ድምጿ አይቆራረጥም። ጉልበቷን የሚያማት ሴት የትኛዋ እንደሆነች፣ ወገቧን አጉብጣ ክብደት የምታነሣው ማን እንደሆነች ከፊት ሆና ታያለች፤ አጠገቧ ሄዳም ታስተካክላታለች።

አንድ ቀን ሀይሚ የምትባል ወጣት ተመዘገበች። ቦሌ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፤ ሠርጓ ስለተቃረበ ቶሎ መክሳት ፈልጋለች። ፈቲያ ከፊት ስትቆም ባየች ጊዜ፣ ሙዚቃው ሳይከፈት፣ ሁሉም እየሰማት፣ "ራሷን ያላከሳች እኔን ልታከሳኝ ነው?" አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ፈቲያ ሰምታለች። ሙዚቃውን ከፍታ ክፍሉን እንደወትሮው ጨረሰች። ቤቷ ገብታ ግን ውኃ ከፍታ፣ ባሏ እንዳይሰማት አድርጋ እንዳለቀሰች ኋላ ነግራኛለች።

ሀይሚ በዚያ አላበቃችም። ጓደኞቿን ይዛ የጂሙ ባለቤት አቶ ጉዲና ዘንድ ሄዳ አቤት አለች። ጉዲና ክፉ ሰው አይደሉም። ፈቲያን ቢሮ ጠርተው በለሰለሰ አነጋገር አስረዷት፤ ደንበኛ የሚገዛው በዓይኑ ነው፣ አሰልጣኝ ማለት የጂሙ ማስታወቂያ ናት አሏት። ክብደቷን እስክትቀንስ የማታውን ክፍል ሌላዋ አሰልጣኝ ናዲያ ትያዘው፤ እሷ ሰው በማይበዛበት በቀትሩ ክፍል ትሥራ፤ ለጊዜውም ሰፋ ያለ ልብስ ብትለብስ ይሻላል።

ፈቲያ ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

"ጋሽ ጉዲና፣ የቀጠሩኝ እንዳስተምር ነው" አለች። "በማስተማሬ ጥፋት ካገኙብኝ ይንገሩኝ፣ አርማለሁ። ቦርጬ ግን ጥፋት አይደለም። ሰፊ ልብስም አልለብስም፤ ጉልበቴ እንዴት እንደሚታጠፍ ተማሪዎቼ ማየት አለባቸው።"

"እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው። ሰው እንዳይስቅብሽ።"

"የሚስቅ ይሳቅ። የቀትሩን ክፍል እይዛለሁ። ተሸማቅቄ ግን አልይዘውም።"

በማግስቱ የጎረቤቷን የእትዬ ተናኜን በር አንኳኳች። እትዬ ተናኜ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሐኪም እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ካዘዛቸው ቆይቷል። ጂም ግን የቀጫጭኖች ቦታ ነው፣ ይሳቅብኛል እያሉ ደጁን ረግጠው አያውቁም። ፈቲያ "ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጀርባ እርስዎን ማን ልብ ይላል?" ብላ አሳቀቻቸውና ይዛቸው ሄደች። እሳቸው ደግሞ የእድራቸውን ሴቶች አመጡ። መስተዋት ፊት መቆም ያስፈራቸው የነበሩ፣ ከወሊድ በኋላ ከሰው የተደበቁ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሴቶች በየተራ መጡ። ባዶ የነበረው የቀትር ክፍል መቆሚያ ጠፋበት።

የማታው ክፍል የናዲያ ሆነ። ናዲያ ሸንቃጣ፣ ትሑትም ልጅ ናት። ሀይሚ የናዲያን ሆድ እያየች ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት፤ የሰማችውንም እንዳለ ታደርገው ጀመር። መጀመሪያ ቁርስ ተወች፤ ቀጥሎ እራት። ክብደቷ ሲወርድ ያየ ሁሉ አደነቃት። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ግን ክፍሉ መካከል ዓይኗ ጨለመባት። ስትወድቅ ግንባሯ ከብረቱ መደርደሪያ ጋር ተጋጭቶ ተፈነከተ፤ ሆስፒታል ተወስዳም ተሰፋላት። ሐኪሙ ደሟ ክፉኛ ማነሱን፣ እንዲህ ያደረጋትም ራሷን በረሃብ መቅጣቷ መሆኑን ነገራት። ሠርጉ ተራዘመ።

ናዲያ ልትጠይቃት ሆስፒታል ሄደች። ጉዲናም እዚያ ነበሩ። ናዲያ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ እሷም አብዛኛውን ቀን ጦሟን እንደምትውል፣ ከወፈረች እንደ ፈቲያ ከቦታዋ እንደምትነሣ ስለምታውቅ እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች።

"የተመኘሽው ሆዴን ነው" አለቻት ለሀይሚ። "ባዶውን እንደሚውል ግን አልነገርኩሽም።"

ጉዲና አንገታቸውን ደፉ። በሳምንቱ ፈቲያን ጠርተው ወደ ማታው ክፍል እንድትመለስ ጠየቋት። እሷም የቀትር ሴቶቿን እንደማትተው፣ የማታውን ከናዲያ ጋር አብራ እንደምትይዝ፣ ከእንግዲህ ግን የአሰልጣኝ ኪሎ በዚያ ቢሮ እንዳይነሣ ነገረቻቸው። ተስማሙ።

ሀይሚ ስታገግም ሐኪሟ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ስለፈቀደላት በቀትር መጣች። ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ፈቲያ ፊት ቆመች።

"በሰው ፊት ነው የሰደብኩሽ፤ ይቅርታም የምጠይቅሽ በሰው ፊት ነው። ምን እንደምታስተምሪ ሳልሰማ ሰውነትሽን ብቻ አየሁ።"

"ይቅር ብያለሁ" አለች ፈቲያ። "ግን ሌላ ጊዜ ቀጥኜ ብታዪኝ፣ አሁን ገና አሰልጣኝ ሆነች እንዳትዪ። ዛሬም አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ኪሎ ባልቀንስም ነኝ። በይ ቁርስሽን በልተሽ ከሆነ ግቢ።"

ሀይሚ በልታ ነበር። ገባች።

ወገኖቼ፣ አሰልጣኝ ጤናውን አይጠብቅ አላልኩም። ፈቲያም ሐኪም ዘንድ ትታያለች፣ ደም ግፊቷን ትለካለች፤ ያ ግን የእሷና የሐኪሟ ነገር ነው። እናንተ ጂም ስትገቡ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ሥራውን ማወቁን፣ ሳይጎዳችሁ ሊያሠራችሁ መቻሉን ጠይቁ። ይህን ካሟላ የወገቡ ስፋት የሚመለከተው ልብሱን የሚሰፋለትን ሰው ብቻ ነው።