የአስማረ መንጋጋ

አስማረን ወደ እንጅባራው ሆስፒታል ያመጡት እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ከአገጩ እስከ አናቱ በነጠላ ቁራጭ ተጠፍንጓል። ደም የቀላቀለ ለሃጭ በአፉ ጥግ ይወርዳል። አፉን መክፈትም መግጠምም አይችልም።

«ፈረስ ረግጦት ነው» አለ ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ይኸነው። «ዛሬ ጠዋት። ሲቀልበው።»

ዶክተር ቤዛዊት ጨርቁን ፈትታ አየች። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

ሳጅን ማናለብሽ ስትደርስ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በግራ ጥርሶቹ መሃል፣ በቀኝ ደግሞ ጆሮው ሥር።»

«ሁለቴ ተመቷል?»

«አንዴ። መንጋጋ እንደ ቀለበት ነው፤ እዚህ ሲመታ ማዶውም ይሰነጠቃል። የግራው ክፍት ስብራት ነው። ድዱ ተቀዶ አጥንቱ አፉ ውስጥ ይታያል። ምራቅ ገብቶበት መግል ይዟል። መግል በአንድ ጠዋት አይመጣም። ሁለት ቀን አልፎታል።»

«ፈረሱስ?»

«የኮቴ ምልክት የለም። ጉንጩ ላይ ያለው አንድ ቀጥ ያለ ሰንበር ነው። ዱላ ይሆናል፤ ወይም የመጥረቢያ እጀታ።»

«ቶሎ ባይታከም?»

«መግሉ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ትንፋሹን ይዘጋዋል።»

ማናለብሽ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። አስማረ እስከ ስምንተኛ ተምሯል። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። «ማን እንደመታህ ጻፍልኝ» አለችው። እስክሪብቶውን ተቀበለ። በሩ ላይ የቆመውን ወንድሙን አየ። መልሶ ሰጣት።

ሐኪሟ ለይኸነው የሚደረገውን አስረዳችው። ቁስሉ ይታጠባል፤ ስብራቱ ላይ የተላቀቀው ጥርስ ይነቀላል፤ ከዚያ የላይና የታች ጥርሶቹ በሽቦ ይታሰራሉ።

«አፉ አይከፈትም ማለት ነው?»

«አይከፈትም። ስድስት ሳምንት ያህል።»

ሌላ ወንድም ቢሆን «ታዲያ ምን ሊበላ ነው?» ይል ነበር። ይኸነው ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ማናለብሽ አየችው። ወደ ኮሪደሩ ጫፍም ወሰደችው።

«ጨርቁን ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ዛሬ አልኩሽ እኮ ሳጅን። እንደረገጠው።»

ከነርሶቹ የተዋሰችውን ፋሻ ዘረጋችለት። «እስቲ በራስህ ላይ እሰረው።»

ይኸነው አገጩ ሥር አዙሮ አናቱ ላይ ቋጠረ። ገና እጁን ሳያወርድ ፋሻው ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ወደቀ።

«የአስማረን ያሰረው አንዱን ዙር በአገጩ ፊት፣ አንዱን በማጅራቱ አሳልፎታል፤ ሐኪሟ ስትፈታው አይታለች» አለች። «እጁ የለመደ ነው። ወጌሻ ነው።»

ይኸነው ላቡን ጠረገ። «እሽ። እውነቱን ልንገርሽ። አበረ ነው የመታው፤ ያ ፈረሰኛው። በጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ተጣልተው ነበር። ነገሩ እንዳይከር ብዬ ነው በፈረስ ያመካኘሁት።»

አበረን በስልክ አገኘችው።

«እኔ? እኔ ከኀሙስ ጀምሮ ጥሊሊ ነኝ፤ የአክስቴ ለቅሶ ላይ። ድንኳኑን የተከልኩትም እኔ ነኝ። አስማረ በፈረስ ስለቀደመኝ መንጋጋውን እሰብራለሁ? እንዲህ ከሆነማ በአዊ ባለመንጋጋ ፈረሰኛ አይቀርም!»

ሦስት ለቀስተኞች ስልኩን እየተቀባበሉ መሰከሩለት።

በዚያ ወገን መንጋጋ በማሰር የታወቁት ወጌሻ አንድ ናቸው፤ የአዘናው አቶ አወቀ። ማናለብሽ በጣቢያው ሞተር ሄደች። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባባ፣ አስማረ የሚባል መንጋጋው የተሰበረ ልጅ መጥቶብዎት ነበር?»

«መጥቷል። ዓርብ ማለዳ፣ ወንድሙ ይዞት። አፉን በባትሪ አየሁት። አጥንቱ ወጥቷል። ልጄ፣ እኔ የተሸፈነ አጥንት እንጂ ነፋስ ያየ አጥንት አልነካም፤ አባቴም አይነካም ነበር። እንዳይንገላታ አሰርኩትና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሰው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለዎት?»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «'እስከ ሰኞ ማታ ቢቆይ ይሞታል?' አለኝ። አንች ልጅ፣ ሰው ስለ ወንድሙ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?»

እዚያው ቆማ ጣቢያ ደወለች። የሰኞን የፍርድ ቤት ቀጠሮዎች አንብቡልኝ አለች። ሦስተኛው ላይ አስቆመቻቸው። የግል ተበዳይ ወይዘሮ ዋጋዬ፣ ባሏ የሞተባት፤ የዲከረንስ ዛፎቿ ተቆርጠው ከሰል ሆነዋል። ተከሳሽ ይኸነው። የዓይን ምስክር አንድ፤ አስማረ።

ስትመለስ የአስማረ ጥርሶች በሽቦ ታስረዋል። ይኸነው ግን ባጃጅ ደጅ አስቁሞ ወንድሙን ከአልጋው ሊያነሳ ይታገላል። ዶክተር ቤዛዊት በሩን ዘግታ ቆማለች።

«ገና መርፌ አለው! ከወጣ ይሞትብሃል!»

«የራሳችን ሰው ነው! እናታችን ታስታምመዋለች!»

«ይኸነው» አለች ማናለብሽ። «እስከ ሰኞ ማታ ቢቆይ ይሞታል ወይ ብለህ ጠይቀሃል አሉ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የዋጋዬን ዛፍ ስትቆርጥ ያየህ እሱ ብቻ ነው።»

«በእናታችን ለመንኩት!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አላየሁም በል፣ ምን ይጎልብሃል ብዬ። ምዬ አልዋሽም አለኝ። ለባዕድ ሴት! መጥረቢያው በእጄ ነበር፤ በእጀታው ሰነዘርኩ። ልገድለው አይደለም። አፉን ነው። አፉን ብቻ።»

ካቴናው ገባለት። ማናለብሽ ወደ አልጋው ዞረች።

«ለምን አልጻፍክልኝም?»

የታሰሩት ጥርሶች አልተነቃነቁም። ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ከሽቦው መሃል ተጨምቆ ወጣ፤ የታፈነ፣ ግን የሚሰማ።

«እናቴ… ያላት… ሁለት ልጅ ነው።»

ይኸነው በሩ ላይ ሲደርስ ሰማው። አፍ ከታሰረ ነገር የሚያበቃ ነበር የመሰለው። ዞሮ አላየም።

ሰኞ ሐኪሟ ለሁለት ሰዓት ብቻ እንዲወጣ ፈቀደችለት። አስማረ ችሎት ፊት ማለ። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ያየውን ሁሉ በጥርሱ መሃል ተናገረ።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። በአንድ እጃቸው ሰሃን፣ በሌላው ፔርሙዝ ይዘዋል።

«ይኼ እንጀራ ለታሰረው ነው» አሉ። «ይኼ አጥሚት ደግሞ ለታመመው። ልጄ፣ ፊት የቱ ዘንድ ልሂድ?»

ማናለብሽ እጇን ወደ ፔርሙዙ ዘረጋች።

«አጥሚቱን ለእኔ ይስጡኝ» አለች።