ግማሿ ክኒን

ልብስ ሰፊዋ ድመቷን ደንበኛ ገና ባልወሰደው ካፖርት ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ክፍል ገባች። ከድንጋጤዋ ብዛት ሰላምታውን ረስታ ድመቷን ሐኪሙ ጭን ላይ አስቀመጠችለት! ሐኪሙና እሷ ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ዶክተር፣ ዝም ብቻ ነው ያለችው... እናቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ እሷን ነው።»

«እኔን የሚያሳስበኝም ዝምታዋ ነው» አለና ግድግዳው ላይ የድመት ፊቶች የተሳሉበትን ወረቀት አሳያት። «አዲስ ጥናት ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ፊቷ ግን ያሳብቅባታል። ጆሮዋን ይዩት፣ ወደ ጎን ተኝቷል። ዓይኗም ጨፈን ብሏል። በጣም እያመማት ነው። ቤት የሰጧት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም!»

ዋሸች። ጠዋት ድመቷ ስታነክስ ብታያት አንጀቷ አልችል ብሎ፣ የራሷን የራስ ምታት ክኒን ግማሿን በወተት በጥብጣ አጠጥታት ነበር። አሁን «ገዳይዋ አንቺ ነሽ» እንዳትባል ፈራች። ፍርሃት ምላስ ያስራል፣ ልጆቼ።

ሐኪሙ የድመቷን ድድ ገልጦ አየ። ቡናማ ሆኗል፤ የመመረዝ ምልክት ነው! ፊቱ ልውጥ አለ።

«እህቴ፣ የምቆጣዎት እንዳይመስልዎት። እውነቱን ካልነገሩኝ ግን ታመልጠናለች።»

«ግማሽ ክኒን... የራስ ምታት...» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

ሐኪሙ የመርዙን ማርከሻ ሊያመጣ ሮጠ። ወጋት፣ ኦክስጅን አደረገላት፣ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ ወጋት። ልብስ ሰፊዋን ግን ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ፣ «ተጸየፈኝ... ድመቴም አለቀላት» ትላለች በልቧ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድመቷ ቀስ ብላ ጭንቅላቷን አነሳች። ሐኪሙ መጥቶ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«ለምን ዘጋኸኝ?» አለችው፤ አንተ ማለቷም አልታወቃት።

«ፈርቼ ነው። ልጅ ሳለሁ ድመቴን በዚያው ክኒን የገደልኳት እኔው ነኝ። ላድናት ብዬ... ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። አንቺ ግን ተናገርሽ። የተረፈችው በዚህ ነው።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በመሐረቡ ጠረገላት።

በሦስተኛው ቀን ድመቷን ልትወስድ መጣች።

«ከሥራ ስወጣ ቤትሽ ብቅ እያልኩ ፊቷን ልያት?» አላት ሐኪሙ።

«ድናለች እኮ!»

«መዳኗንማ አውቃለሁ...»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን መደበቅ አቃታት። «እንግዲያው እንዳታረፍድ!»

አላረፈደም። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ድመቷም የአልጋውን መሃል ለብቻዋ ይዛ፣ ባልና ሚስቱን ዳርና ዳር አስተኝታቸዋለች።