ቤቱ የሞቀበት ሳምንት

ተክሉ ሞቶም መልኩ አልጠፋም። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ቀልተው፣ ከሩጫ ተመልሶ ጋደም ያለ ሰው ይመስላል። ፀዲ ገረመው ግን በዚህ መልክ የምትታለል አልነበረችም። በቶሮንቶ ያልታወቀ አሟሟት በሚያጣራው ቢሮ መርማሪ ከሆነች ወዲህ እንዲህ ያለ ሬሳ ደጋግማ አይታለች። የሟቹን እጅ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት መርዘኛ ጋዝ ነው» አለች። «ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ተኝቶ ሳለ ነው የወሰደው።»

ቤቱ ኤግሊንተን ዌስት ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ የሚገኝ ጠባብ የጡብ ቤት ነው፤ ጊዜው የፈረንጆቹ 1995፣ ፌብሩዋሪ። ላይኛው ፎቅ የቤቱ ባለቤት ባልቻ ይኖራል። ቤዝመንቱን፣ ማለትም ምድር ቤቱን፣ የተከራዩት መሐንዲሱ ተክሉና ታላቅ እህቱ ወለተማርያም ነበሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋዙን ዘግተው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ሄደዋል። አንድ ፖሊስ ደረጃው ላይ ቆሞ ባልቻን ወደ ጣቢያ ለመውሰድ ይጠብቃል። ፈርነሱ፣ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ምድጃ፣ የባልቻ ነው፤ ሰው የገደለው ደግሞ ፈርነሱ ነው።

ባልቻ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቀረበ። «ልጄ፣ ፈርነሱን በጥቅምት አስፈትሼዋለሁ። ጭስ ማውጫውም ንጹሕ ነው አሉኝ። ታክሲ እየነዳሁ የገዛሁት ቤት ነው፤ አሁን ገዳይ ልባል?»

«ጋሽ ባልቻ፣ ተከራዮቹ ስለ ሙቀቱ ቅሬታ ነበራቸው?»

«ድሮስ! ክረምቱን ሙሉ በረደን ሲሉኝ ነው የከረሙት። ከሐሙስ ወዲህ ግን ቤቱ ራሱ ሞቀ። ፈርነሱም ቶሎ ቶሎ መነሳቱን ተወ። ቆጠብን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ግንባሩን ያዘ። «ራሴን ግን ይኸው ያመኛል።»

ወለተማርያም የሌሊት ሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ዳውንታውን ቢሮ ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ስትገባ ነው ሞቶ ያገኘችው።

«ታሞ ነበር?»

«ረቡዕ ጉንፋን ጣለው። ከዚያ ባሰበት። ራሴን ይላል፣ ያቅለሸልሸኛል ይላል። ከአልጋው አልተነሳም።»

«ትናንት ማን መጣ?»

«ባስልኤል ነዋ። አብረው የተማሩ፣ አብረው የሚሠሩ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ በልቶ ሶፋው ላይ ያድራል። ትናንት ግን አላደረም።»

«ተጣሉ?»

«እነሱ መቼ ታርቀው ያውቃሉ! ግን በዚያ አይደለም። ኮቱን ሊሰቅል ፈርነሱ ክፍል ገባና በቀዳዳዋ እሳቱን አየ። ‹እትዬ፣ ቢጫ ሆኗል፣ ያምራል› አለኝ። ከዚያ እራቱን እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። በዚያ በረዶ!»

ፀዲ ወዲያው ባስልኤልን አስጠራችው። ኮቱን አስተካክሎ፣ ፊቱን አሳዝኖ መጣ። ተክሉ ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው ግራፍ ጠቆመችው። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ ከ1990 ወዲህ ቁልቁል ይወርዳል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኢስቶኒያ ናት። በደርግ ጊዜ ዋና ከተማዋ ታሊን ነው የተማርነው። የሚነድ ድንጋይ ቆፍራ ኤሌክትሪክ የምታመርት ትንሽ አገር ናት። ከሶቭየት ከተላቀቀች ወዲህ ምርቷም ፍጆታዋም በግማሽ ያህል ወርዷል።»

«ቆጥበው ነው?»

«ከተክሉ ጋር በምናዘጋጀው ጥናት ላይ እኔ እንደዚያ ብለን እንጻፍ አልኩ። ጥናቱን ያዘዙት ነጋዴዎች መስማት የሚፈልጉት እሱን ነው። እዚያው ታሊን ሥራ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ተክሉ ግን አልፈርምም አለ።» ፈገግ አለ። «‹ፍጆታ ሲወርድ ቆጠቡ አትበል፣ ምን እንደተዘጋ ጠይቅ› ነው መልሱ። ፋብሪካው ተዘግቶ ነው፣ ሰዉ በብርድ ተቀምጦ ነው፣ ይለኛል። ሰለቸኝ፣ እህቴ።»

ፀዲ ንግግሩን ሳያስጨርሰው ፈርነሱ ክፍል ገባች። ከግድግዳው ወጥቶ ወለሉ አጠገብ የሚያበቃ ወፍራም የቆርቆሮ ቱቦ አለ። መዳፏን አፉ ላይ ዘረጋች። ውጭው በረዶ ነው፤ ቱቦው ግን ትንፋሽ የለውም። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ አስገባችና ሳበች።

ሁሉንም ቤዝመንቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱም ወረደ። በእጇ የጠቀለለችውን አሮጌ ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ፈርነሱ ደህና ነው» አለች። «ጋሽ ባልቻ ጥፋት የለባቸውም። ቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ ሲሞቅ ሁላችሁም ደስ አላችሁ። እኔ ምን እንደተዘጋ ጠየቅሁ። ይህ ቱቦ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል። አገሩን ላልለመደ ሰው ቀዳዳ ይመስላል። እሳቱ የሚተነፍሰው ግን በእሱ ነው። ደህና የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው። ሲታፈን ቢጫ ይሆንና መርዝ ይተፋል። ተክሉ ቢያየው ያውቅ ነበር፤ አልጋ ላይ ነበር። የመርዙንም ሕመም ያው ጉንፋኑ ነው ብሎ ተኛ።»

ወለተማርያም ሹራቡን አነሳች። «የወንድሜ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ የወተፍኩት። ብርዱ በዚያ ሲገባ አየሁ። ታሞብኝ ነበር።»

ፀዲ ወደ ባስልኤል ዞረች።

«ክረምቱን ሙሉ ብርዱን ችለህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አደርክ። ቤቱ ሲሞቅ ግን በበረዶ ወጣህ። ቢጫ እሳት ምን ማለት እንደሆነ እትዬ አያውቁም። አንተ መሐንዲስ ነህ።»

«አልነካሁትም።»

«አልነካህም። አይተህ ሄድክ።»

«ታዲያ ወንጀሌ ምንድን ነው?»

ፀዲ ሁሉንም ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ፖሊሱ ማስታወሻ ደብተሩን አጠፈ። «መናገር ነበረበት የሚል ሕግ የለንም» አለ በመጨረሻ።

ባስልኤል የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ወለተማርያም ጠራችው።

«ባስልኤል፣ አንዲት ቃል ብትለኝ እኮ አወጣው ነበር።»

ዞር ብሎ አላየም። ፖሊሱም ተከትሎት ወጣ። ባልቻ ነጻ ነው፤ ግን የሴትዮዋን ዓይን ማየት አልቻለም።

«ታዲያ የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለች ወለተማርያም።

ፀዲ የምትዋሸው ውሸት ፈልጋ አጣች። «እርስዎ ዘጉት። እሱ አየው።»

«ወረቀትሽ ላይ የማን ስም ይጻፋል?»

«የማንም። አደጋ ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

ወለተማርያም ሹራቡን ታቅፋ ቱቦው ፊት ተቀመጠች። ባልቻ ብርድ ልብስ ሊደርብላት ሲጠጋ በእጇ ገፋችው። አሁን ቱቦው ይተነፍሳል፤ ብርዱ ሳያቋርጥ እግሯ ላይ ይወርድባታል።

ጥናቱ በፀደይ ታተመ። አንድ ቅጂ ፀዲ እጅ ገባ። ሽፋኑ ላይ ያለው የባስልኤል ስም ብቻ ነው። ግራፉ ያው የተክሉ ግራፍ ነው፣ መስመሩም እንደ ድሮው ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ አገሪቱ ቆጥባለች ይላል።