የሞተሪኖው ድምፅ

ባለወፍጮው የተገኙት ከሞተሩ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነው። ጆሮ ግንዳቸው ተፈንክቷል። ቀኝ እጃቸው የሞተሩን ማስነሻ ዘንግ፣ ማኑቬላውን፣ ጨብጧል።

ዱቄት ቅንድባቸውን ሳይቀር አልብሷቸዋል። ከሩቅ ላያቸው ከነጭ ድንጋይ የተጠረቡ ይመስላሉ።

«ሞተሩ በላቸው» አለ በር ላይ የቆመው ሕዝብ፣ ተማክሮ እንደመጣ ሁሉ።

ሐሜቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ያ ባለአንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ዕድሜው ከባለቤቱ አይተናነስም። በማኑቬላ ተዘውሮ ይነሣል፤ ሲከፋው ወደ ኋላ ይራገጣል። ከእሱስ በቅሎ ትሻላለች። በቅሎ ከመርገጧ በፊት ጆሮዋን ታጥፋለች።

መርማሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የቀኝ አውራ ጣቱ ቆልማማ ነው። በወጣትነቱ የውሃ ፓምፕ ሲያስነሣ ማኑቬላ ነው የሰበረበት።

ጎንበስ ብሎ የሟቹን እጅ አየ። አራቱ ጣቶች በአንድ በኩል፣ አውራ ጣት በሌላው ዞሮ፣ ጥብቅ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ጥቁር ቀለም ገብቷል።

መዝገቡን አወጣና ጻፈው።

ከትልቁ የሞተር መዘውር፣ ከቮላኖው ጎን፣ አንድ አዲስ ነገር ተገጥሟል፤ መኪና የሚያስነሣው ዓይነት ሞተሪኖ። ቮላኖው ዙሪያውን ጥርስ ያለው ቀለበት ተበይዶለታል። ሥሩ ባትሪ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቁልፍ።

«ይሄ መቼ ተገጠመ?»

«ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው» አለ አንድ ቀጭን ሰው ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቦቢና ይሉታል። «እኔው ነኝ የገጠምኩላቸው። ያሳዝናል። ይኸው የባትሪው ሽቦ ወልቋል። ቁልፉ እምቢ ሲላቸው ወደ ማኑቬላ ተመልሰው ነው።»

«ብልህ ነህ» አለ መርማሪው።

ሬሳው ሲነሣ ሽቦውን መልሶ አሰረና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

ክርርር... ቀጭ... ክርርር።

ሞተሩ ሳይነሣ እንደተኛ ሰው ከሆዱ ተነፈሰ። ኡህ... ኡህ።

ያን ጊዜ ከጓሮው ቤት ጩኸት ተሰማ።

«መጣ! በሩን ክፈቱለት!»

የባለወፍጮው ሚስት ነጠላቸው መሬት እየተጎተተ ሮጡ። ለቀስተኛውን ጥሰው፣ የግቢውን በር መወርወሪያ አውልቀው፣ ወለል አድርገው ከፈቱት።

መንገዱ ባዶ ነው።

ጎረቤቶች ደግፈው መለሷቸው። አንዷ ለመርማሪው ሹክ አለችው፤ «አንድ ልጃቸው ሾፌር ነበር። ከነ ጭነት መኪናው ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። ሞተሪኖው ከተገጠመ ወዲህ እንዲህ ሆነዋል።»

መርማሪው ዳግመኛ ቁልፉን ሊነካው አልደፈረም። ክፍሉ ውስጥ ገና የሚተነፍስ ነገር ያለ መሰለው።

*

መጀመሪያ የተጠራው ሬሳውን ያገኘው ሰው ነው። ትከሻው በር ያክላል። ሃያ ዓመት ያንን ሞተር ሲያስነሣ ኖሮ ስሙም ማኑቬላ ሆኖ ቀርቷል።

«ሞተሪኖው ሲገባ አንተ ከሥራ ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ጧት ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሃያ ዓመት በዚህ ሰዓት መጥቻለሁ። መባረሬን እግሬ ገና አልሰማም።»

«"ይሄ ቁልፍ ይበላዎታል" ብለሃቸዋል። የሰማ አለ።»

«ብያለሁ። እሳቸውም "አንተ የበላኸኝ ይበቃል" አሉኝ። ከዚያ ተሳሳቅን።»

መርማሪው ማኑቬላውን አቀበለው። «እንደምታስነሣ ሆነህ ያዘው።»

ያዘው። አምስቱም ጣቶቹ በአንድ በኩል ተደረደሩ።

«አውራ ጣትህስ?»

«የት ልውሰደው? ከወንድሞቹ ጋር ነዋ! አዙሮ የያዘ ሰው፣ ሞተሩ ሲራገጥ ጣቱን ለቅሞ ነው ቤቱ የሚገባው። ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ። አንዴ አዙሬ ብይዝ እጄን በካቻቢቴ ነረቱኝ።»

መርማሪው የገዛ ቆልማማ ጣቱን ሸሸግ አደረገ።

ማኑቬላውን ሟቹ አልያዙትም ማለት ነው። አስይዘዋቸዋል። ያስያዘው ደግሞ ማኑቬላ ዘውሮ የማያውቅ ሰው ነው።

*

ጓሮ ያለው ቤት በሩ እጀታ የለውም። በተጠማዘዘ ሽቦ ነው የሚዘጋው። ሴትዮዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«እትዬ፣ ምን ሰምተው ነው የሮጡት?»

«የልጄን መኪና።» ዞረው አላዩትም። «አንተም እብድ ናት በል።»

«አልልም። እንዴት አወቁት?»

«ሲነሣ መሃል ላይ ቀጭ ይላል። ሞተሪኖው አንድ ጥርሱ ተሸርፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ከመኝታዬ የቀሰቀሰኝን ድምፅ ልስተው?»

«ለባለቤትዎ ነግረዋቸው ነበር?»

«ሦስት ቀን ነገርኩት። "ያዘነ ጆሮ ነው፣ ተይው" አለኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ ግን ሥራ ሊዘጋ ሲል ቁልፉን ተጭኖ፣ ተጭኖ፣ አዳመጠ። ቤት ገብቶም ውሃ እንኳ አልቀመሰም። "እስቲ ልየው" ብሎ ተመልሶ ሄደ።» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «በኔ ሊስቅ የሄደ መስሎኝ ተቆጥቼ ተኛሁ።»

መርማሪው ጎናቸው ቁጭ አለ። «የልጅዎ ሞተሪኖ ተበላሽቶ ያውቃል?»

«በብሎን የሚታሰርበት ጆሮው ተሰብሮ ነበር። አባቱ ናስ አቅልጦ በየደለት። ናስ ሲያጣ የዚህን በር እጀታ ነቀለ። ይኸው እስካሁን በሽቦ እዘጋለሁ።»

መርማሪው በሩን በሽቦው ዘግቶ ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ገብቶ ሞተሪኖው ሥር ተንበረከከ። ጆሮው ላይ ጥቁሩ ቀለም በጥፍር ተፍቋል። ከሥሩ ቢጫ ነገር ያበራል።

*

ቦቢና ጋራዡ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ከመኪና ሥር ተጋድሟል።

«ጉድጓድ የለህም እንዴ?» አለ መርማሪው። «ጋራዥ ሁሉ ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ አለው።»

«ነበረኝ። ውሃ ሲይዝብኝ በሲሚንቶ ደፈንኩት።»

«መቼ?»

«ቆየ። ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«እስቲ ውጣና ይቺን ያዝልኝ።»

ቦቢና ከመኪናው ሥር ወጥቶ ማኑቬላውን ተቀበለ። አውራ ጣቱ ዞሮ እጀታውን አቀፈ።

«ዘውረህ ታውቃለህ?»

«ምን በወጣኝ! እኔ የቁልፍ ሰው ነኝ።»

«ያስታውቃል። ሞተሪኖውን ከየት አመጣኸው?»

«ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ።»

«ማን ይባላል?»

«እየዞረ የሚሸጥ ነው፣ በምን አውቄው።»

«ቀለሙን ማን ቀባው?»

«እኔ። እንዲያምር ብዬ።»

«ሌላውን አንዴ፣ ጆሮውን ሦስቴ ቀብተሃል። ጆሮው ከሌላው በልጦ እንዲያምር ነው?»

ቦቢና ማኑቬላውን መሬት አስቀመጠ።

«ሥሩ ናስ ነው። የበር እጀታ ነበር፤ በሩን አይቼው መጣሁ። አባትየው ናቸው የበየዱት። ትናንት የገዛ እጃቸውን ሥራ አገኙት።»

ቦቢና ወደ መውጫው አላየም። ወደ መርማሪውም አላየም። አንዴ ብቻ፣ ለዐይን ጥቅሻ ያህል፣ ወደ ሲሚንቶው አየ።

«ቆፍሩት» አለ መርማሪው አብረውት ለመጡት ፖሊሶች።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ተገኘ። ቦቢናም ተናገረ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። ልጁ የመኪናውን መብራት ሊያሠራ መጣ፤ መኪናዋ ደግሞ ዐይን ትገባለች። ቦቢና የልጁን ራስ በብሎን መፍቻ ኪያቤ መታውና ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረው። መኪናዋን በስምንት ቀን ፈታትቶ ብሎን በብሎን ሸጣት። ጆሮው የተጠገነ ሞተሪኖ ብቻ ከነቀለበቱ ገዢ አጣ።

«ለአባቱ ወስደህ ትገጥመዋለህ?»

«የበየደው እሱ መሆኑን በምን አውቄ? ደግሞ ዕቃ መጣል አልወድም።» ጥቂት አሰበ። «ትናንት ማታ አስጠርቶኝ ስገባ አልጮኸም። የሞተሪኖውን ጆሮ በጣቱ እያሻሸ "ልጄ የት ነው?" ብቻ አለኝ። እሱንም ጆሮ ግንዱን መታሁት፤ ማኑቬላ አስይዤ፣ ባትሪው የከዳው እንዲመስል ሽቦውን አወለቅኩ።»

*

ሞተሪኖው ማስረጃ ነውና መፈታት ነበረበት። ባለትከሻው ማኑቬላ ኪያቤ ይዞ ቆመ። ሴትዮዋ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ነገር ሰምተዋል፤ አላለቀሱም።

«እትዬ» አለ መርማሪው፣ ባርኔጣውን እያወለቀ። «ባለቤትዎ ሊስቁ አይደለም የሄዱት። አምነውዎት ነው።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት።

«ከመፈታቱ በፊት» አሉ፣ «አንዴ ብቻ።»

መርማሪው ደንቡን አሰበ። ከዚያ ሽቦውን አሰረ።

ተነሥተው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ።

ክርርር... ቀጭ... ክርርር። አሮጌው ሞተር ከሆዱ ተነፈሰ፤ ኡህ... ኡህ። ማኑቬላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ መንገዱን ተመለከቱ።

እሳቸው አልተመለከቱም። ድምፁን ቆመው ሰሙና እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ።

«ቤቱ ገባ» አሉ።

መርማሪው መዝገቡ ላይ ከማስረጃው ዝርዝር ጎን እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «አንድ ሞተሪኖ፤ ጆሮው በናስ የተበየደ፤ ይሠራል።»