የሐዊ ክር

ሐዊ የሞተችው አሰላ ባለ አንድ የሆርሞን ምርምር ማዕከል፣ ተራዋን ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ነው። ልቧ በድንገት ቆመ። አባቷ «መርዘው ገደሉብኝ» ብለው ስለከሰሱ ኢንስፔክተር ዘይቱና ተጠራች። ዘይቱና ለመጠየቅ የማትቸኩል፣ ከጠየቀች ግን የማትለቅ ሴት ናት።

የሐዊን ጉዳይ የነኩት ሦስት የማዕከሉ ባለሙያዎች ናቸው። ቶላ በደሟ የተገኘውን የዘረ መል ለውጥ መዝግቧል፤ ለሊሴ ለውጡ የሆርሞን ተቀባዩ ፕሮቲን ላይ የት እንደሚያርፍ አሳይታለች፤ ዶክተር በእውቀቱ በዚያ ተመርተው የሆርሞን ክኒን አዘዋል። ክኒኑ ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑም የታዘዘው ነበር። ለሊሴ የዘይቱናን ጥያቄ ሁሉ በእርጋታ መለሰች። ሐዊ ከሞተች ወዲህ ግን እህል አልወርድላት ብሏል።

በማግስቱ ዘይቱና ሁሉንም ለሊሴ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ለሊሴ በእጇ የሠራችው የፕሮቲኑ ቅርጽ ቆሟል። በሽቦ የተሰካ ዶቃ ነው፤ እያንዳንዱ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ ሲሆን ቀለሙ ዓይነቱን ይናገራል። ታካሚ በመጣ ቁጥር ለውጡ የደረሰበት ዶቃ ላይ ስሙ ያለበት ቀይ ክር ይታሰራል።

«እኔ ሳይንሱን አላውቅም፤ ቀለም ግን አያለሁ» አለች ዘይቱና። «ቶላ፣ የሐዊ ውጤት የተለወጠው የቱ ነው ይላል?»

«ሰማያዊው ዓይነት።»

«ዶክተር አዲስ አበባ ለስብሰባ ይዘውት የሄዱት ፎቶ ላይ ግን ክሯ ቢጫ ዶቃ ላይ ነው። የሌሎቹም ክር ያለ ቀለሙ ታስሯል። ለምን?»

ዶክተሩ ቅርጹ ላይ ጎንበስ ብለው ዶቃዎቹን ከመነሻው ቆጠሩ። ቶላ የመዘገበው በድሮው አቆጣጠር እንደሆነ አስረዱ። በኋላ በፕሮቲኑ መነሻ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ወደ ቆጠራው ተጨምረው ቁጥሩ ሁሉ ተገፍቷል፤ የለሊሴ ቅርጽ የተቆጠረው በአዲሱ ነው። ስለዚህ የሐዊ ክር ሆርሞኑ የሚገባበት ጎድጓዳ ላይ አረፈ፤ ሰውነቷ ሆርሞኑን አይቀበልም ተባለና ከባድ መጠን ታዘዘላት። እውነተኛው ቦታ ጉዳት የሌለው ጠርዝ ነበር። ጤነኛ ልቧ ያን ሁሉ አልቻለም።

«እንግዲያው ስህተት ነው፤ ገዳይ የለም» አለ ቶላ።

«እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ግን ዛሬ ተመልከቱ። የሁሉም ክር እንደተሳሳተ ነው፤ የሐዊ ብቻ ወደ ሰማያዊው ዶቃ ተዛውሯል። ስህተቱን አውቆ ዝም ያለ ሰው አለ ማለት ነው። የዚህ ክፍል ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በለሊሴና በዶክተር። ዶክተር ከአዲስ አበባ የተመለሱት እኔ ክፍሉን ካሸግሁ በኋላ ነው።»

ለሊሴ ዓይኗን ከክሩ አላነሳችም።

«ስህተቱን ያየሁት ዶክተር ለጉዞ ሲነሱ ነው» አለች። «አፈርኩ። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሐዊ ሞተች። ክሯን እዚያ መተው አልቻልኩም።»

«ሄኒስ?» አሉ ዶክተሩ።

የሐዊ ታናሽ እህት ሄኒ ያው ለውጥ አለባት፤ ጢቾ ከተማ ሆና ያንኑ ክኒን ትወስዳለች። ለሊሴ ይህን ታውቅ ነበር። ሄኒን ማስቆም ሁሉን መናገር ስለሆነባት፣ ነገ ነገ ስትል ሰነበተች። አሁን ስልኳን አውጥታ ለሄኒ ደወለች።

«ለሊሴ፣ እህቴ» አለች ሄኒ ደከም ባለ ድምፅ። «አታስቢ። አደራ እንዳልሽኝ ክኒኑን አንድም ቀን አላጓደልኩም። አሁንም በእጄ ይዤዋለሁ።»

«ጣይው» አለች ለሊሴ። «እንደሚጎዳሽ አውቅ ነበር።»