የማስታወሻው ዓምድ

ፈቲሀ በእናቷ የመደብር መዝገብ ላይ ያሉትን የደንበኞች ስሞች በሙሉ ቀይራ ነበር። «ባሂራ» የሚለውን «ደንበኛ 7» ብላዋለች፤ ስልክ ቁጥሩንም አጥፍታለች። በስተቀኝ ጫፍ ያለውን ጠባብ ዓምድ ልብ ያለችው ግን መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቀ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። «ማስታወሻ» ይላል። ከ«ደንበኛ 7» አጠገብ እናቷ የጻፈችው እንዳለ ተቀምጧል፦ «የበርበሬ ሽያጭ። ለልጅቷ ኮሌጅ። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ የምትኖረው። ሸረፋ እንዳይሰማ።»

ሸረፋ የባሂራ ባል ነው። ባሂራ በድብቅ የምታጠራቅመውን ያን ገንዘብ ካገኘው ባጃጅ ይገዛበታል፤ ልጅቷም ወልቂጤ ሄዳ ነርስነት መማሯ ይቀራል።

ከክፍል ጓደኛዋ ከራምዚ ጋር ሁለት ወር የደከሙበት ሥራ ነበር። መረጃን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሚያሻግር፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ መሣሪያ አለ። እነሱ የቡታጅራ ነጋዴዎች በየዓመቱ ከሚከፍሉበት የሂሳብ ሶፍትዌር ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ጨመሩለት። ሻጩ ድርጅት መሞከሪያ መረጃ ስለማይሰጥ፣ የእናቷን የበርበሬ መደብር መዝገብ ናሙና አድርገው አብረው ለቀቁት።

«አሁን አጥፍቼዋለሁ» አለ ራምዚ በስልክ። «ላሽ በይው፣ እርሺው።»

«ስንት ሰው ቀድሞ አውርዶታል?»

«አርባ አንድ። አብዛኛው ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ የት ያነባል?»

«ሊንኩን የሰፈር ግሩፕ ላይ የለጠፍከውስ?»

«እሱማ ትንሽ ጉራ ልንነዛ ብዬ ነዋ።»

«ናጃህ እዚያ አለ። የሸረፋ ወንድም።»

«ናጃህ ይህን ሊያነብ? የፈተና ጥያቄ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም።» ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ስሚ፣ ለእናትሽ ከነገርሽ ላፕቶፑን ትወስድብሻለች። ከዚያ ሥራችን አለቀለት።»

ስልኩን ዘጋችው። የሰፈሩ ሴቶች የባንክ ደብተር ቤት ውስጥ ይገኝብናል ብለው፣ የበርበሬያቸውን ዋጋ እናቷ ከድጄ ዘንድ ይተዉታል። ደረሰኝ የላቸውም። ያላቸው የከድጄ አፍ ብቻ ነው።

ወደ መደብሩ ስትወርድ እናቷ የመጨረሻውን ጆንያ አፍ እያሰረች ነበር።

«እማ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ማስታወሻውን፣ አርባ አንዱን፣ ናጃህንም። ከድጄ ገመዱን እንደያዘች ቀረች።

«እንዲህ የተጻፈባት ሌላ ሴት አለች?»

«እሷ ብቻ ናት።»

«ብቻ» አለች ከድጄ በቀስታ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም።»

ፈቲሀ መሬት መሬት አየች። ናጃህ አሁን ስልኩን እየነካካ ይሆናል። ምናልባትም ወንድሙ ጋ ገብቷል።

«ሸረፋ ከመስጊድ እስኪመለስ ጊዜ አለ» አለች ፈቲሀ። «ሄጄ ልንገራት። ገንዘቧን የት እንደምታዛውር ቀድማ ታስብ።»

«እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ቤት ግቢ።»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እማ። እኔው ልንገራት።»

ከድጄ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሻርፗን ከሚስማሩ አውርዳ ተከናነበች፤ ጓጉንቸሩንም አቀበለቻት። «ዝጊው፤ አብረን እንሄዳለን።»

ስልኩ የፈቲሀ ኪስ ውስጥ ነዘረ። «ነገርሻት እንዴ?» ይላል፤ ራምዚ ነው። አልመለሰችለትም። የቆርቆሮውን በር ሳበች፣ ጓጉንቸሩን አስገብታ ቆለፈች፣ እንደተያዘም ለማረጋገጥ ሁለቴ ጎተተችው።