በዝናብ መለኪያው ውስጥ ወተት

ጉያቱ በተወለደችበት ዓመት ትልቁ ዝናብ ቀረ። ትንሹም ዳመናውን አሳይቶ ሄደ። መጀመሪያ ጥጆቹ አለቁ፣ ቀጥሎ ላሞቹ፣ ከዚያ ሕፃናት። የጉያቱ እናት በወለዱ በሳምንቱ ሞቱ። ጉያቱ ግን ተረፈች። ለምን እንደተረፈች በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ጎረቤታቸው የነበሩት ሴት፣ አዴ አሸቱ፣ አንዲት ላም ቀርታቸው ነበር። ወተቷን ለልጃቸው ለጉዮና ለጉያቱ አካፈሉ። አልበቃም። ጉዮ ሞተ።

አዴ አሸቱ ይህን አንሥተው አያውቁም። ጉያቱ ግን መንገድ ላይ ባየቻቸው ቁጥር ከጎናቸው አንድ ልጅ የሚሄድ ይመስላታል። እሷ ስታድግ እኩል የሚያድግ ልጅ።

አሁን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት በፊት ከነጌሌ ከተማ ዳር ወዳለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ትሄዳለች። የጣቢያው ሠራተኛ ጋሽ ሙሉነህ የዝናብ መለኪያ ማንበብ አስተምረዋታል። ዘንድሮም ሰማዩ ደርቋል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሙሉነህ ከመለኪያው ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አውጥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ከሥሩ ነጭ ነገር ተኝቷል።

«ወተት» አሉ። «ዛሬም። ያንቺ ጓደኞች ናቸው?»

«በዚህ ድርቅ ወተት የሚደፋ ተማሪ የለም ጋሼ። ቢያገኙ ይጠጡት ነበር።»

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «ከዚህ የምልከውን አዲስ አበባ ያሉት ካለፉት ዓመታት ጋር ያስተያዩታል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ቀድመን እንድናውቅ ነው። ወተት ከዝናብ ጋር ከተቀላቀለ ምን ብዬ ልላክ? የያዝኩትን ለፖሊስ ነው የምሰጠው።»

በማግስቱ ጉያቱ ጎሕ ሲቀድ መጣች። አዴ አሸቱ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው፣ የወተት ጮጯቸውን በመለኪያው አፍ ላይ ዘቅዝቀው ያንጠባጥባሉ።

«አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም፤ ሰላም አሏት። «አካም፣ ጉያቱ። ጉዮ እዚህ ነው ያለው። አጥሩን ሲሠሩ የመቃብሩን ድንጋይ ለቅመው ጣሉ። ይኼን ቆርቆሮ በራስጌው ተከሉ። የት ላፍስስለት?»

ጉያቱ እግሯን ሰበሰበች። በየማለዳው የቆመችው በላዩ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሴትዮዋ ሄዱ። ጉያቱ ጠርሙሱን አጥባ ብትመልሰው ማንም አያውቅም ነበር። አላጠበችውም። ጋሽ ሙሉነህ ሲመጡ ሁሉንም ነገረቻቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከቆሙበትም ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉ።

«መለኪያውን እናንሣው፣ ጋሼ።»

«ካነሣነው ያለፉት ዓመታትና የሚመጡት አይተዋወቁም። ከቦታው መነቅነቅ የለበትም።» ወደ መሬቱ አዩ። «ልጁም ቢሆን። ድንጋዮቹን የት ነው የጣሏቸው?»

ከጣቢያው ጀርባ ካለው ገደል አፍ አገኟቸው። ዝናቡን ከመለኪያው እንዳይከልሉ ዝቅ አድርገው በመቃብሩ ዙሪያ ደረደሯቸው። ጋሽ ሙሉነህ የአጥሩን በር ሳይቆልፉ ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ ጉያቱ ለቁርሷ የተሰጣትን ወተት አልጠጣችም። ኩባያውን ይዛ መጣች። አዴ አሸቱ ባዶ እጃቸውን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ላሚቱ ነጥፋባቸዋለች።

ጉያቱ መለኪያውን አየች። ደረቅ ነው። ከዚያ ከድንጋዮቹ መካከል ተንበረከከች።

«ቁርስሽ አይደለም እንዴ?» አሉ አዴ አሸቱ።

«የሱ ነው» አለችና ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰችው።

መሬቱ ወዲያው ጠጣው።